አንገታቸውን የማያዞሩት አባት

በአዳማ ገበያ ወይም በወንጂ መንገድ ስትመላለሱ አንዳንድ አባቶችን ልብ ብላችሁ ይሆናል። ከኋላቸው ሲጠሯቸው አንገታቸውን አያዞሩም፤ ምርኩዛቸውን ተክለው፣ ትከሻቸውን፣ ደረታቸውንና እግራቸውን በአንድነት አዙረው ነው የጠራቸውን ሰው የሚያዩት። መሬት ላይ የወደቀ ነገር ቢኖራቸው አጎንብሰው አያነሡም፤ ልጅ ይጠራሉ። ሲቀመጡ ቀስ ብለው ይጀምሩና መጨረሻው ላይ ዘፍ ይላሉ። ሰው «እርጅና ነው» ይላቸዋል። ሌላው ደግሞ «ሌሊት አገዳ ውሃ ሲያጠጡ ብርድ መቷቸው ነው» ይላል። ዕድሜያቸውን ቢጠይቋቸው ግን ብዙዎቹ ወገባቸው መድረቅ የጀመረው ገና በጉልምስናቸው፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሳይጨርሱ እንደነበረ ይናገራሉ።

እንዲህ ያሉ ሰዎች በአዳማ (ናዝሬት) ዙሪያ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዓለም ጤና፣ በመቂና ከዚያም ወደ ደቡብ በሐይቆቹ አካባቢ መታየታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ወገባቸውን ያደረቀው ለብዙ ዓመታት የጠጡት ውሃ ነው። ሕመሙን ሐኪሞች የአጥንት ፍሎሮሲስ ይሉታል። በዚህ ዓምድ ስለ እርሱ ማንሣታችን ስለ ውሃና ስለ ዓለት ለማስተማር ብቻ አይደለም። ከአንባብያኖቻችን መካከል እንዲህ ያለ አባት ወይም እናት በቤታቸው ይዘው ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚኖሩ፣ በዚያው ቤት ደግሞ ሕፃን የሚያሳድጉ እናቶች ስላሉ፣ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ማየት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። ፍሎራይድ በዓለት ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን በጥቂቱ ሲወሰድ ጥርስን ከመበስበስ ይከላከላል፤ በጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። ሲበዛ ግን በአጥንትና በጥርስ ውስጥ እየተጠራቀመ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው የመጨረሻ ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የስምጥ ሸለቆ መሬት እሳተ ገሞራ የሠራው በመሆኑ፣ ውሃው በሞቃት ዓለት ውስጥ ሰርጎ ረጅም ጊዜ በቆየ ቁጥር ፍሎራይዱን እያሟሟ ይይዛል። ፍሎራይድን ይዞ ሊያስቀር የሚችለው ካልሲየም ደግሞ በዚህ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ጥቂት ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ በስምጥ ሸለቆ ሕዝቡ ከሚጠጣቸው ውሃዎች መካከል በሊትር ከ1.2 ጀምሮ እስከ 36 ሚሊግራም ድረስ ፍሎራይድ የያዙ መኖራቸውን አስታውቀዋል። ከተወለዱ ጀምሮ በዚያው ያደጉ ከተመረመሩት ልጆች መካከል ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ምልክቱ በጥርሳቸው ላይ ታይቷል።

አሳዛኙ ነገር፣ ይህ ውሃ ሲያዩት የሚያስጎመጅ መሆኑ ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ፣ ጥርት ያለ፣ ትል የሌለበት፣ ሽታ የማይሰጥ ውሃ ነው። እናቶች ደፍራሹን ወንዝ ትተው፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ቀርቶላቸው፣ ልጆቻቸውም ከተቅማጥ ድነው ከሰፈራቸው ቦኖ ሲቀዱ ደስ ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ሁሉ ተንኮለኛ አልነበረም። በብርጭቆ ተቀድቶ ብርሃን ላይ ቢያዩት እንኳ ፍሎራይድ ለዓይንም ለምላስም አይታወቅም።

ወንጂን እንውሰድ። ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ከኢንዶኔዢያ መጥቶ የመጀመሪያውን የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ሥራ አስጀመረ፤ የሸዋው ፋብሪካ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለው። አገዳ ለመትከልና ለመቁረጥ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከሌላም አገር ሠራተኛ ጎረፈ። ሠራተኛው በየካምፑ ሰፈረ፤ ሚስት አመጣ፤ ልጅ ወለደ፤ ከጉድጓድ የሚሳበውን ውሃ ይጠጣ ጀመር። ሙቀት ባለበት አገር ፀሐይ ላይ ሲቆርጥ የሚውል ሰው ቢሮ ከሚውለው ሰው ብዙ እጥፍ እንደሚጠጣ አንባቢ ሊገምት ይችላል። ከዚሁ ጥናት እንደምንረዳው፣ በወንጂ ሸዋ የመጀመሪያዎቹ የአጥንት ፍሎሮሲስ ሕሙማን የተገኙት በሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ከ10 ዓመት በላይ ከጠጡት ሠራተኞች መካከል ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአሉሚና የሚሠራ ማጣሪያ በእርሻው ተተክሏል፤ ፋብሪካዎቹም በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ሆኑ። ነገር ግን ማጣሪያ የሚያጣራው ወደ ፊት የሚጠጣውን እንጂ ቀድሞ አጥንት ውስጥ የገባውን አይደለም። ስለዚህም ነው በዚያ ዘመን ጎልማሳ የነበሩ ሰዎች ጡረታ ከወጡና ወደ አዳማ ወይም ወደ ትውልድ አገራቸው ከገቡ በኋላ እንኳ ሕመሙ አብሯቸው የሄደው።

በአጥንት ውስጥ ምን ይሆናል? ፍሎራይድ የበዛበት አጥንት ከውጭ ሲያዩት ወፍራምና ጠንካራ ይመስላል፤ በራጅ ሲነሣም እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ተሰባሪ ነው። አከርካሪን ከአከርካሪ የሚያያይዙት ጅማቶች ቀስ በቀስ ወደ አጥንትነት ይለወጣሉ፤ መታጠፍ የነበረበት ወገብ እንደ አንድ ዘንግ ይሆናል። በአንዳንዶቹ ሕሙማን ላይ ይህ የጠነከረ አጥንትና ጅማት ህብለ ሰረሰሩ የሚያልፍበትን ቦይ ያጠበዋል። ያን ጊዜ ነገሩ የወገብ ሕመም መሆኑ ይቀርና የነርቭ ሕመም ይሆናል፤ እግር ይደነዝዛል፣ ይከብዳል፣ ሲራመዱ ይተሳሰራል፣ በመጨረሻም ሽንት አልታዘዝ ይላል። ልብና አእምሮ ግን ደኅና ናቸው። ሰውየው ሁሉን ያውቃል፣ ሁሉን ይሰማል፤ ብዙ ዓመትም ይኖራል።

በቤታችሁ ወገቡንና መጋጠሚያውን የሚያመው ሰው ካለ ሦስት ነገር እንዲያደርግ ጠይቁት፤ አገጩን ደረቱ ላይ ያሳርፍ፤ ሁለት እጁን ወደ ማጅራቱ ወስዶ ያያይዝ፤ ጉልበቱን ሳያጥፍ አጎንብሶ የእግሩን ጣት ይንካ። እነዚህን ማድረግ ያልቻለ ሁሉ ፍሎሮሲስ ይዞታል ማለት አይደለም፤ በፍሎራይድ በተበከለ አገር ለረጅም ጊዜ የኖረ ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ለሐኪሙም የት አገር ስንት ዓመት እንደኖረ፣ ከምን ዓይነት ጉድጓድ እንደጠጣ ይንገር። ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ ሳያነሣ ስለሚቀር፣ ለዓመታት የቁርጥማት ኪኒን ሲውጥ ይኖራል።

እግር የሚያሰንፍ ሕመም ሁሉ አንድ እንዳልሆነም ማወቅ ይጠቅማል። በውጭ አገር፣ በተለይ በቀዝቃዛዎቹ አገሮች፣ መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ አለ። እርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ የሚጀምር፣ ከወንድ ይልቅ ሴትን የሚያጠቃ፣ ዓይንን የሚያደበዝዝና እየተሻለ የሚያገረሽ ሲሆን፣ ከውሃ ጋር ግንኙነት የለውም። በአገራችን እምብዛም አይታይም፤ ለማረጋገጥም ኤም አር አይ የሚባለው ምርመራ ያስፈልጋል። የአከርካሪ ነቀርሳም አለ፤ ይህኛው በመድኃኒት ይድናል። ስለዚህ «የወንጂ ውሃ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ በግምት ቤት መቀመጥ፣ ሊድን የሚችለውን ሰው ሊያስቀር ስለሚችል ከድካም ሁሉ የከፋ ነው። መጀመሪያ በአዳማ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያ ባለ ጤና ተቋም ራጅ ይነሡ፤ እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት ካስቸገረ የነርቭ ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ አትመለሱ። ህብለ ሰረሰሩ በተጨመቀባቸው አንዳንድ ሕሙማን ላይ ቀዶ ጥገና ሊረዳ ይችላል፤ ይኸውም ጊዜው ሳያልፍ ሲደረግ ነው።

የአጥንቱን ድርቀት ግን የሚመልስ መድኃኒት የለም። ይህን እያወቁ መኖር ነው የቤተሰቡ ፈንታ።

ከመኝታ እንጀምር። ወገቡ የማይታጠፍ ሰው ከመሬት ፍራሽ ላይ መነሣት አይችልም፤ ከጎኑ ሲጎትቱት ደግሞ ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ። አልጋው የጉልበት ከፍታ ያህል ይሁን፤ ፍራሹም የማይሰረጉድ ይሁን። ሲነሡ በመጀመሪያ በጎናቸው እንዲተኙ፣ ቀጥሎ እግራቸውን ከአልጋው እንዲያወርዱ፣ ከዚያ በክንዳቸው ገፍተው እንዲቀመጡ ልመዱላቸው። ብብታቸውን ይዛችሁ ሽቅብ አትጎትቱ። የመቀመጫቸውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ዝቅተኛ በርጩማ ለእርሳቸው ወጥመድ ነው። ክንድ ማሳረፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር በሰፈር አናጢ ማሠራት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ሥፍራውም ወደ በሩ የዞረ ይሁን፤ ሰው በገባ ቁጥር ሙሉ ገላቸውን እንዳያዞሩ፣ ገቢና ወጪውን በፊታቸው እያዩ ሰላምታ እንዲለዋወጡ ነው።

ሽንት ቤት ለብዙ ቤተሰብ ትልቁ ችግር ነው፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ሰው ግን ጥቂት ነው። መቀመጥ የማይችል ሰው በቁፋሮ ሽንት ቤት መጠቀም ያስጨንቀዋል። ብዙ አባቶች ይህን በመፍራት ምግብ ይቀንሳሉ፣ ውሃም አይጠጡም። ከዚያ ሆድ ድርቀትና የሽንት ቧንቧ ሕመም ይከተላል። ተራ የእንጨት ወንበር መሐሉ ተበስቶ ቀዳዳው ላይ ቢቀመጥ፣ ግድግዳውም ላይ መያዣ የሚሆን ጠንካራ እንጨት ቢመታ፣ አንድ ሰው ክብሩን አግኝቶ ይኖራል። ይህን ሲሠሩ አባትን አስቀድሞ ማማከር ደግሞ አይረሳ። በገዛ ቤታቸው ሳይነገራቸው ወንበራቸው ተበስቶ ሲያዩ የሚቆጡ አባቶች አሉ፤ እኛም አንፈርድባቸውም።

እግር መደንዘዝ ከጀመረ የእናት ጥንቃቄ ሌላ ይሆናል። የደነዘዘ እግር እሳት ሲነካው አይሰማውም፤ ስለዚህ ለብርድ እየተባለ ከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም የፈላ ውሃ በጠርሙስ አድርጎ እግር ሥር ማስቀመጥ አደገኛ ነው። አልጋ ላይ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይለወጥለት፤ ተረከዙ፣ መቀመጫውና የወገቡ መጨረሻ በየቀኑ ይታይ። የቀላ ቦታ ካለ እርሱ ላይ አይተኛ። ቁስል አንዴ ከተከፈተ ለመዳን ወራት ይፈጃል፤ ብዙ የአልጋ ሕሙማንንም ለሞት የሚያበቃው የመጀመሪያው ሕመም ሳይሆን ይህ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነው። አጥንቱ ተሰባሪ ስለሆነ በተለይ ከመውደቅ መጠበቅ አለባቸው። ደጃፍ ላይ ያለ ድንጋይ፣ ወለል ላይ የተዘረጋ ምንጣፍ ጫፍ፣ ሌሊት መብራት ማጣት፣ እነዚህ ሁሉ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደሉም፤ እግሩን ቁልቁል ማየት ለማይችል ሰው ግን ገደል ናቸው።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ወጌሻዎቻችን የተወለቀ ክንድ ሲመልሱ የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን በፍሎሮሲስ የደረቀን አንገት ወይም ወገብ «ላላ ላድርገው» ብሎ መጠምዘዝና ማንቋቋት፣ በጠበበው ቦይ ውስጥ ያለውን ህብለ ሰረሰር ሊጎዳ፣ በምርኩዝ የሚሄደውንም ሰው አልጋ ላይ ሊያስቀር ይችላል። በለስላሳ እጅ ጡንቻን ማሸት፣ በሞቀ ፎጣ መተኮስ፣ ሐኪም የፈቀደውን እንቅስቃሴ በየቀኑ ማድረግ ይበቃል። ሶደሬ ወርደው በፍል ውሃው መታጠብ የሚወዱም ይታጠቡ፤ ሙቀቱ ሕመሙን ያስታግሳል። መድኃኒት ነው ብሎ መጠጣት ግን የዞረ ነገር ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃዎች በፍሎራይድ የበለጸጉ ናቸውና።

የሕመም ማስታገሻ ኪኒንም ከየሱቁ እየገዙ ለዓመታት መዋጥ ሌላ ጉዳት አለው። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የመሳሰሉት ጨጓራን ከማድማታቸው በላይ ኩላሊትን ያደክማሉ። ፍሎራይድ ከሰውነት የሚወጣው ደግሞ በኩላሊት በኩል ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ያንኑ ውሃ ቢጠጣ ከሌላው ይበልጥ በአጥንቱ ያስቀራል።

አሁን ወደ ሴቶቹ ጉዳይ እንምጣ። አባት ሲታመም ቤቱን የሚያስተዳድረው ማን ነው? ሚስት ናት። ጎህ ሲቀድ ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች፤ ከዚያ ጉሊት ወይም ፋብሪካ ትሄዳለች፤ ማታ ደግሞ ትገለብጣለች። እርሷም በዚያው ካምፕ ያንኑ ውሃ ጠጥታ የኖረች ናት፤ ወገቧን ስታመም ግን «ሸክም ነው» ተብሎ ይታለፋል። እርሷ መቻል ሲያቅታት የሚመጣው መፍትሔ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ወንድሟ አይቀርም። ይህን በግልጽ መናገር አለብን፤ አባትን መጦር የልጆች ሁሉ ግዴታ እንጂ የአንዲት ሴት ልጅ ዕጣ አይደለም። ወንድ ልጅም አባቱን ማጠብ ይችላል፤ ለአባትየውም ቢሆን በሴት ልጁ ከመታጠብ ይልቅ በወንድ ልጁ መታጠብ ይቀለዋል። ጎረቤት፣ ዕድርና ዘመድ ለልቅሶ ብቻ የሚጠሩ አይደሉም። በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረቤት መጥቶ ከአባባ ጋር ቡና ቢጠጣ፣ እናት ሦስት ሰዓት እንቅልፍ ታገኛለች።

አባትየውስ? ቀን ሙሉ አገዳ ሲቆርጥ፣ ማሽን ሲያስነሣ፣ ቤተሰብ ሲያስተዳድር የኖረ ሰው ዛሬ ጫማውን ማሰር አቅቶት ልጅ ይጠራል። የሚቆጣው ሻይ ስለ ቀዘቀዘ ብቻ አይደለም። በእጁ የሚሠራ ሥራ ይፈለግለት፤ ጥራጥሬ መልቀም፣ የልጆችን ደብተር ማየት፣ የቤቱን ሒሳብ መያዝ፣ የደጁን ሱቅ መጠበቅ ከወንበር ሳይነሡ የሚሠሩ ናቸው። ሰው ሲመጣም «እንዴት ናቸው?» ተብሎ በእርሳቸው ራስ ላይ ሚስትን መጠየቅ ይቅር፤ ጆሯቸው ይሰማል፣ አንደበታቸውም አልታሰረም።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ተጎዳው ሰው ነው። በቤቱ ውስጥ ግን ገና ያልተጎዳም አለ። ከአባት ወንበር አጠገብ የሚጫወተው ሕፃን የሚጠጣው ከየትኛው ጀሪካን ነው?

ቋሚ ጥርስ በድድ ውስጥ የሚሠራው ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ግድም ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ዕድሜ ብዙ ፍሎራይድ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ሲወጣ ነጭ ነጠብጣብ፣ ሲብስም ቡናማና የተቦረቦረ ይሆናል። ይህ በመፋቂያም በሳሙናም አይለቅም። «ንጽሕና የለውም» እያሉ ልጅን መገሠጽ ግፍ ነው። በየትምህርት ቤቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሚስቁ ልጃገረዶች አሉ፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። የጥርሱ መበላሸት ደግሞ ለእናት እንደ ደወል ነው፤ ያው ውሃ በአጥንትም እየተጠራቀመ መሆኑን ይናገራል። በእኛ አገር ብቻ የደረሰ ነገርም አይደለም። በህንድ አገር በማድራስ ግዛት መንደሮች ወገባቸው የደረቀ ገበሬዎች መኖራቸውን ሐኪሞች የጻፉት በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ነበር።

ብዙ እናቶች «አፍልቼ ነው የማጠጣው» ይላሉ። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ለዚያ መልካም ነው። ፍሎራይድ ግን በማፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይወፍራል። ጨርቅ፣ አሸዋ፣ ለተሕዋስያን የሚጨመረው የክሎሪን መድኃኒትም አይነኩትም። ሻይ ደግሞ ራሱ ቅጠሉ ፍሎራይድ ስላለው፣ በተበከለ ውሃ አፍልቶ ለሕፃን ማጠጣት እጥፍ ማድረግ ነው። ወጡና ገንፎውም በዚያው ውሃ ስለሚሠራ «ልጄ ውሃ አይወድም» ማለት አያድንም።

የሚረዱ ነገሮች አሉ። በህንድ የወጣውና በናልጎንዳ አውራጃ ስም የሚጠራው ዘዴ ሸብንና ኖራን በልክ ውሃው ላይ ጨምሮ በማማሰልና በማስጠለል ፍሎራይዱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ልኩን የሚያውቅ ባለሙያ ስለሚያስፈልገው በግምት ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ሌላው የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት በልዩ ምድጃ ተቃጥሎ፣ ተፈጭቶና ታጥቦ በማጣሪያ ውስጥ ሲገባ ፍሎራይዱን ይይዛል፤ በሞጆ ይህን ከሰል የሚያዘጋጅ ሥራ ተቋቁሞ ለስምጥ ሸለቆ መንደሮች ማጣሪያ ሲቀርብ ቆይቷል። «በአጥንት የተጣራ ውሃ እንዴት ይጠጣል?» ብለው የሚጸየፉ አሉ፤ ተቃጥሎ ከሰል ከሆነ በኋላ ግን ሽታም ጣዕምም የለውም። ማንኛውም ማጣሪያ ቢሆን ዕድሜ አለው፤ ሲጠግብ መያዝ ያቆማል፤ ውሃው ግን እንደ ቀድሞው ጥርት ብሎ መውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ መቼ እንደሚታደስ ቀኑን ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። ዝናብ ሲዘንብ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም ውሃ ፍሎራይዱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በንጹሕ በርሜል ተይዞ ሲፈላ ለሕፃናት ጥሩ ነው። በአዳማ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣውን የቧንቧ ውሃ የሚያገኙ ቤተሰቦችም በዚህ ረገድ ከጉድጓድ ጠጪው ይሻላሉ። ውሃ ሲጠፋ ከቦቴ ወይም ከሰው ግቢ ጉድጓድ ሲገዙ ግን «ከየት የተቀዳ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይከፋም። ወተት፣ አይብ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ካልሲየም ስለሚሰጡ ልጁ ፍሎራይዱን በሙሉ እንዳይወስድ ያግዙታል፤ የውሃውን ችግር ግን አይተኩም።

ቁጥሩን ጠይቁ። እያንዳንዱ የሕዝብ ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃው ይመረመራል፤ የወረዳው ወይም የከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት ዘንድ ሄዳችሁ «የእኛ ቦኖ ፍሎራይዱ በሊትር ስንት ሚሊግራም ነው?» ማለት መብታችሁ ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ስትሄድ ነገ ተመለሺ ልትባል ትችላለች፤ ከአንድ ቦኖ የሚቀዱ ሃያ ሴቶች አብረው ሲሄዱ ግን መልሱ ቶሎ ይገኛል። ቁጥሩ ከ1.5 በላይ ከሆነ በቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጀሪካን ይኑር። ለልብስ፣ ለገላና ለወለል የጉድጓዱ ውሃ ምንም አይል፤ ፍሎራይድ በቆዳ አይገባም። ለመጠጥ፣ ለቡናና ለምግብ የሚሆነው ከጠቅላላው ውሃ ጥቂቱ እጅ ብቻ ስለሆነ፣ እርሱን ከደኅና ቦታ ማምጣት ወይም ማጣራት ለብዙ ቤት የሚቻል ነው። መልካሙ ጀሪካን ክዳኑ ላይ ቀይ ክር ይታሰርበት፤ ልጆችም ይወቁት።

አንዳንድ ቤት ይህ መልካሙ ውሃ ለሕፃናት ብቻ ይቀዳና ለአባት የቀድሞው ይሰጣቸዋል፤ «እርሳቸውማ አንዴ ተጎድተዋል» በሚል። አባቶቹም ራሳቸው «ለልጆቹ ተዉት» ይላሉ። አጥንት ግን የያዘውን ፍሎራይድ ለዘላለም ይዞ አይቀርም፤ አዲስ መግባቱ ሲቆም በዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይለቃል፤ ሕመሙም ባለበት ሊቆም ይችላል። ለእርሳቸውም ቀይ ክር ካለበት ጀሪካን ይቀዳላቸው፤ ብርጭቆው ደግሞ አገጫቸውን ቀና ማድረግ ስለማይችሉ ሰፊና አጭር ይሁን፣ አለዚያም በቀሰም ይጠጡ።